ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠነኛው ቤት

የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ሐሰት ከተገኘበት ከዛሬ ጀምሮ የምጎርሰው ሽሮ ጠጠር ይሁንብኝ፤ ሁለቱም ጫማዬ የግራ ይሁን። ይህን ያህል የምምለው ስሜ ቀድሞኝ እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው። ላቀው መጣ ሲባል ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ የሚቀመጥበትን ወንበር ይፈትሻል። ትምህርት ቤትም ብዙ አልቆየሁም። ማካፈል ጀምረን ሳንጨርስ በመምህሩ ባርኔጣ ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ተገኘችና እሷም እኔም በአንድ ቀን ተባረርን።

የተወለድኩባት ከተማ ስም አላት፤ ግን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ታዩዋትና «እንዳልካት አይደለችም» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ አሁን እንዳልኳት አይደለችም።

በዚያ አገር ሌላው ባንዲራ እንደሚሰቅለው እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ቁጥር ነበረው። የእኛው አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ ነው። በአደባባዩ ላይ ሰባት የድንጋይ ምሰሶ ተርታውን ቆመው ነበር፤ እያንዳንዱ ምሰሶ አንድ፣ ሰባቱ ሲነበቡ ቁጥራችን። ከምሥራቅ በር ስትገቡም ከምዕራብ በር ስትገቡም የሚነበበው ያው ስለሆነ፣ በሌላ ነገር ሁሉ የሚጣሉት የሁለቱ በር ሰዎች በቁጥሩ ተጣልተው አያውቁም። ቁጥሩ ከራሱ ጋር ሲባዛ ደግሞ 1234567654321 ይሆናል። ከከተማው ጀርባ ያለው ኮረብታ ልክ እንዲህ ነበር፤ ዐቀበቱና ቁልቁለቱ እኩል። ልጆች ሆነን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እንወጣለን፣ ሰባት ላይ ስንደርስ ተቀምጠን ትንፋሽ እንሰበስባለን፣ ከዚያ ስድስት፣ አምስት እያልን እየተንከባለልን እንወርዳለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮረብታ ወጥቻለሁ፤ ሰባት ላይ እንዲህ ያለ ነፋስ የሚነፍስበት አላገኘሁም።

ትልቁ ኩራታችን ግን ሌላ ነበር። ቁጥራችንን ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም ይባላል። ጎረቤታችን የነበረችው ከተማ ቁጥሯ ድፍን ሚሊዮን ነው፤ ሁለትም፣ አምስትም፣ አሥርም እንዳሻቸው ይከፍሏታል። እዚያ ሰው ጥላውን እንኳ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል ብለን እናማቸው ነበር። እኛ ግን ብቸኛ ቁጥር ነን። መምህሩም ይህን ሲሉ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር፤ እንቁራሪቷም ባርኔጣ ውስጥ የገባችው ያኔ ነው።

የከተማው ቤቶች ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ነበሩ፤ ከዚያ አያልፉም። እያንዳንዱ ቤት የከተማውን ቁጥር በራሱ በር ቁጥር ያካፍላል። የሚተርፈው ቀሪ፣ የቤቱ ጌታ በዓመቱ ጉባኤ ላይ እንዲናገር የሚፈቀድለት የቃል ብዛት ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ሲያካፍል ሰባት ስለሚተርፈው ሰባት ቃል ይናገራል። ሁለት መቶ ሠላሳ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አንድ ይተርፈዋል፤ እንግዲህ እሱ ይዘባርቅ። የቤቱ ጌታ ሲሞት የቤቱ ቃል አንድ ዓመት ይተኛል፤ በዚያ ዓመት በእሱ ፋንታ የሚናገር የለም።

ቤት የሚያወርሰው ማካፈል የራሱን ብቻ ነው። በሌላው ሰው ቁጥር ማካፈል በሌላው ሰው ሌማት እጅ እንደመስደድ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ሁሉም ሰው ማካፈል ያውቃል፤ ግን በአንድ ቁጥር ብቻ።

አንድ ቁጥር ቤት የሚኖሩት ባለባዶው ጌታ ናቸው። አንድ ማንንም ሲያካፍል የሚተርፈው ስለሌለ፣ እሳቸው አንዲት ቃል የላቸውም። ከተማውን የሚገዙትም ለዚህ ነው። አባቶቻችን ምንም የማይናገር ሰው አይሳሳትም ብለው ነበር። ጌታው በጉባኤ ላይ ከአውድማው ጎን ባለችው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ አልፎ አልፎ ይስላሉ። ሳላቸውን ሳል ተርጓሚው አዋጅ አድርገው ያወጡታል።

የእኛ ቤት ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስትና እኛ፣ ሁላችንም ስናካፍል የሚተርፈን አንድ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ የሚነገርበት ትምህርት ላይ ሳልደርስ ተባረርኩ፤ ሞክሩትና እዩ። ባለ አንድ ቃል ቤቶች ሌሎችም ነበሩ፤ እነዚህ ሰባቱ ግን አብረው ማኅበር ይጠጡ ነበር፤ እዚያ ቃል ስለማይቆጠር ጮቤ እየረገጡ ያወሩ ነበር።

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆዳ እየሰፋ አንዲት ቃሉን ይመርጣል። «ውኃ» ይላል መርፌውን አንሥቶ። ጥቂት ሰፍቶ፣ «አይ፣ ውኃን አምና ሦስት ቁጥሯ ተናግራዋለች» ይላል። አንድ ዓመት «ድልድይ» አለና ቁጭ አለ። በሁለተኛው ዓመት ድልድይ ተሠራ። በሌላው ዓመት ደግሞ ተነሥቶ ሲቆም እሾህ ወጋውና «ወይኔ» አለ። ቃሉ ተቆጠረች። ሳል ተርጓሚውም ትርጉም ሰጧትና ከተማው ማን እንደሞተ ሳያውቅ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። አባቴም ከሁሉ ጋር አለቀሰ፤ ለዝግጅቱ ያዋጣውም ከሁሉ በልጦ ነበር።

ቃል የምትቆጥረው እማማ ትርንጎ ነበረች። ከፊቷ እንስራ አስቀምጣ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንዲት ጠጠር ትጥላለች። ባለ ብዙ ቃሎች ሲናገሩ እንስራው በረዶ እንደሚዘንብበት ቆርቆሮ ይንኳኳል። አባቴ ሲናገር ግን ጠጠሯ አንድ ጊዜ ጠብ ትላለች፣ ድምፅዋም እስከ ምዕራብ በር ይሰማል። እስከ ዛሬ ጠጠር ወድቃ ስሰማ ዞር እላለሁ።

እንግዲህ የሻረግን የወደድኩት በዚህ መሀል ነው። የአሥራ ሁለት ቁጥር ልጅ ናት፤ አባቷ ሰባት ቃል ይዞ ሁለት መቶ አሥራ አንድ የሚመኝ ሰው። እኔ በቀልድ የማሸንፋት ይመስለኝ ነበር።

«ከእናትህ ጋር?» አለችኝ። «አምስት ወንድሞችህና ያ ሁሉ ኮርቻ ባለበት? እኔ የት ልተኛ ነው፣ ኮርቻ ላይ?»

«ኮርቻውማ ይመቻል። አባቴ የሰፋው ነው።»

«እንግዲያው በቅሎ አግባ።»

ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ላቀው፣ ቤት ሥራ። የመኸሩ ጉባኤ ሲበተን ቤት ከሌለህ አባቴ ለሳል ተርጓሚው ልጅ ይሰጠኛል። ቃል ገብቶላቸዋል።»

«ስንት?»

«ሰባቱንም።»

ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ክረምቱ ሊገባ ደመናው ተሰብስቦ ነበር። ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ «የዘንድሮዋን ቃሌን ለአንተ አስቀምጫታለሁ» አለኝ። ከእሱ ዘንድ ይህ ርስት ማውረስ ነው።

መሬት ነበረ። ከሁለት መቶ ሠላሳ ስምንተኛው ቤት ጎን እሬት የበቀለበት ባዶ ቦታ አለ። ወደ ሳል ተርጓሚው ወደ ጋሽ ድንበሩ ሄድኩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ የሁለት መቶ ሠላሳ ቁጥር ጌታ ናቸው።

«ጋሼ፣ ያ ቦታ ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«ቤት ቢሠራበትስ?»

«አይሠራበትም።»

«ስለምን?»

«ባለባዶው ጌታ የዛሬ አርባ ዓመት አንድ ጊዜ ስለውበታል። አባቴ ነው የተረጎመው። ከሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት በላይ ቤት የለም ማለት ነው።»

«ሳሉ ረጅም ነበር?»

«አጭር ነው» አሉኝ። «ግን ከሆድ የወጣ።»

ክረምቱ ወጣ። የዚያን ክረምት ነገር እዚህ አላወራም። መኸሩ ሲገባ እኔና የሻረግ አውድማው ላይ ተቀመጥንና፣ ቤቱ ቢፈቀድ ስንት ቃል እንደሚደርሰኝ ልወቅ ብዬ በአሸዋው ላይ ማካፈል ጀመርኩ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ የማንም ቁጥር ስላልሆነ ሌብነት አልነበረም። የማንም ስላልሆነም ከተማው ከተቆረቆረ ጀምሮ በእሱ ያካፈለ ሰው አልነበረም።

«ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ ውስጥ አራት ጊዜ» አልኩ። «መቶ ሃምሳ አምስት ተረፈ። አንዷን ላውርድ። ስድስት ጊዜ። መቶ አሥራ ሰባት ተረፈ። ደግሞ አንድ ላውርድ። አራት ጊዜ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት ተረፈ።»

«ሁለት መቶ አሥራ አምስት ቃል» አለች የሻረግ። «ከጋሽ ድንበሩ ልትበልጥ ነው። ጉባኤውን ፈጣሪ ይርዳው።»

«ቆይ፣ አንዲት ምሰሶ ቀርታለች። ላውርዳት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። ዘጠኝ ጊዜ። ተረፈ…»

«ስንት?»

«ቆይ።»

«ስንት፣ ላቀው?»

«ምንም።»

ተሳስተሃል ብላ እንጨቱን ቀማችኝ። ያገኘሁትን አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ በሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ መልሳ አባዛችው። ሰባቱ ምሰሶዎች በአሸዋው ላይ አንድ በአንድ ቆሙ። ሁለታችንም ወደ አደባባዩ ዞረን አየን፤ እውነተኞቹ የሚወድቁ መስሎን። አንዲት ፍየል መጥታ ታከከችባቸውና ሄደች።

ብቸኛ አልነበርንም። ከሁለት መቶ ሠላሳ ስምንቱ ቤቶች ጎን፣ አንድ እርምጃ አልፎ፣ እሬት መሀል ቆሞ የሚጠብቀን አካፋይ ነበረ።

«ስለዚህ በጉባኤ አንዲት ቃል የለህም» አለች የሻረግ።

«የለኝም።»

«ዕድሜ ልክህን?»

«ዕድሜ ልኬን።»

እኔ ለአንዲት ጥሩ ወሬ ምሳዬን የምሸጥ ሰው ነኝ። ብዙ ቃል ደርሶኝ ከተማውን በሳቅ የምገድልበትን ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ እጠብቅ ነበር። አሸዋውን በእግሬ ላጠፋው ብዬ እግሬን አነሣሁ።

«ዝም የሚል ባል እናቴም አያቴም ተመኝተው አላገኙም» አለችኝ። እግሬን መልሼ አወረድኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጉባኤ ደረሰ፤ ያወራሁት እኔው ነኝ። ሁለተኛ ባለባዶ ሊመጣ ነው፣ ሁለት ጌታ ያለበት ከተማ ደግሞ መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል ተባለ። የአሥራ ሁለት ቁጥር ጌታ፣ የሻረግ አባት፣ ከሳል ተርጓሚው ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠ። የሻረግ ከሴቶቹ መሀል ሆና አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

አሁን ደግሞ ሕጉን ልብ በሉ። ቤት የሌለው ሰው ቃሉ አይሰማም፤ ስለዚህም አይቆጠርም። ጋሽ ድንበሩ ለመናገር ሲቆሙ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

በእኛ ከተማ ሰላምታ የማይመልስ ሰው ከሌባ እኩል ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሁለት ጠጠር ወደቀ።

«እሜቴስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ላሚቱ ወለደች?»

«ወለደች ልጄ፣ ጥጃዋም ደህና ናት።»

«ያ ጉልበትዎንስ ተሻለዎት?»

ስለ ጉልበታቸው የጠየቃቸው ሰው ከተገኘ ዓመት አልፎት ኖሮ፣ ጋሽ ድንበሩ አምርረው ተናገሩ። ወጌሻው ያላቸውን፣ ቅባቱን፣ የሌሊቱን ቁርጥማት አንድ ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። እንስራው ተንኳኳ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ፤ የቁጥራችንን ክብር፣ የአባቶችን ሥራ፣ የብቸኝነታችንን ጥቅም ተናገሩ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ወደ እሬቱ ቦታ ዘርግተው፣ «ስለዚህ ያ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ፈጽሞ…» ሲሉ እማማ ትርንጎ መዳፏን በእንስራው አፍ ላይ ዘረጋች። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሞላ። ጋሽ ድንበሩ አፋቸውን እንደከፈቱ ተቀመጡ።

ያኔ የማኅበሩ ሰዎች ተነሥተው በምሰሶዎቹ ፊት ተሰለፉ። የሁለት ቁጥሩ ቀጥቃጭ ጀመረ።

«እነዚህ» አለ። ጠጠር ጠብ አለች።

«ሁለት» አለች ሦስት ቁጥሯ።

«ልጆች» አለ አምስት።

«እንዲጋቡ» አለ ሰባት። ሽማግሌ ነው፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው ያወጣት።

«አንድ» አለ አሥራ አንድ።

«ቤት» አለች አሥራ ሦስት።

አባቴ በሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ነበር። የቆዳ መርፌው ከአንገትጌው ላይ እንደተሰካ ነው። እኔን አላየኝም፤ ምሰሶዎቹን እያየ፣ «ይሠራላቸው» አለ። ጠጠሯ ጠብ አለች፣ ድምፅዋም እስከ ምዕራብ በር ሄደ።

ሁላችንም ወደ አግዳሚዋ ዞርን። ባለባዶው ጌታ ሳሉ። ከተማው ወደ ሳል ተርጓሚው ዞረ። ሳል ተርጓሚው ወደ እማማ ትርንጎ ዞሩ። የእማማ ትርንጎ መዳፍ ወደ እንስራው አፍ ተመለሰ። ሳሉ ያለ ትርጉም፣ ሳል ብቻ ሆኖ አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

እኔም ቃሌ እንደማይሰማ ስለማውቅ እንጨት አንሥቼ ማካፈሉን በምሰሶዎቹ እግር ሥር ጻፍኩት። ሰዉ ከብቦ አየ። በሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ማካፈል የሚያውቅ አልነበረም፤ መቀነስ ግን ሁሉም ያውቃል። የመጨረሻዋ አንድ ስትወርድና ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ሰዉ ሁሉ በጣቱ እንደገና ቀነሰ።

ጌታው ከአግዳሚያቸው ተነሥተው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ያችን ከታች የቀረችውን ባዶ በጣታቸው ዞሯት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና፣ ወደ ዳር ጠጋ ብለው ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ። አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ይህን የሚተረጉም ሰው አላስፈለገም። ከተማውም አልተሰነጠቀም።

ቤቱ እሬቱ ተነቅሎ ተሠራ። የሻረግ አባት ለባለባዶ ነው የዳርኩት እያለ ሰባት ቃሉን ሁሉ በዚያ ላይ ጨረሰ። ከሳል ተርጓሚው ልጅ ጋር ግን ለሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ከጌታው ጎን ተቀመጥኩ። አግዳሚዋ ያለችው ከአውድማው ሥር ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የጤፉ እብቅ እየመጣ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። አፍታም ሳልቆይ ሳልኩ። ጋሽ ድንበሩ ተነሡና፣ የከተማው ፍየሎች ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ቀንዳቸውን ይታጠቡ ብለው አወጁ። ወደ ጌታው ዞርኩ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው በእብቁ እንባ አቅርሯል። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጡኝ፣ አፍንጫዬን ሸፈንኩበት። አርባ ዓመት የኖርንበት ሕግ ሁሉ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ፤ ግን ለመናገር ቃል አልነበረኝም። ዓመቱን ሙሉ የፍየል ቀንድ አጠብን። የሻረግ ስታጥብ እያየችኝ ትስቅ ነበር።

ጌታው ወራሽ ሳይተዉ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ። ሁለት መቶ አርባኛው ቤት መቶ ሃምሳ አንድ ቃል ይዞ መጣ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ቤቱ ኮረብታውን ወጥቶ በዚያኛው በኩል ስለወረደ አሁን ሰባት ብለን እንቀመጥበት የነበረው ጫፍ የት ላይ እንደሆነ አይታወቅም። ጉባኤው ከመኸር ተጀምሮ እስከ መኸር አያልቅም፤ እንስራው በገንዳ ተተክቷል። እኔም ባልነቅፈው ደስ ይለኛል፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና። ግን አንዳንድ ቀን፣ ያ ሁሉ ጠጠር ሲዘንብ፣ አንድ ሰው መርፌውን አንሥቶ «ውኃ»፣ «አይ» እያለ ቃል የሚመርጥበት ዓመት ይናፍቀኛል። ከእኔ ቀጥሎ ምንም የማይተርፈው ቤት አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠነኛው ነው። እሱ እስኪሠራ የአግዳሚዋን ግማሽ ለቅቄ ተቀምጫለሁ፤ እብቁንም በየቀኑ አራግፋለሁ።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። ቁጥሩን ራሳችሁ አካፍሉት፣ አያሳፍረኝም። አንዲት ነገር ግን እኔ ጨምሬባታለሁ፤ ሽሮዬ ጠጠር እንዳይሆንብኝ ልናገራት።

አባቴ በዚያ ሰልፍ ላይ አልነበረም። በዚያው ክረምት፣ ኮርቻ እየሰፋ፣ ሞቶ ነበር፤ የሠላሳ ሰባት ቁጥር ቃል ያን ዓመት ተኝታለች። አሥራ ሦስት ቁጥሯ «ቤት» ካለች በኋላ፣ በሰልፉ መጨረሻ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ክፍት ትተው ዝም አሉ። እዚያ ያቆምኩት፣ መርፌውንም ከአንገትጌው ላይ የሰካሁለት እኔ ነኝ።

ጠጠሯን ግን አልፈጠርኳትም። እማማ ትርንጎ ያን ባዶ ቦታ ትንሽ አየችው፣ እጇን ዘረጋች፣ ጣለቻት።